ኮሶ ለአራት ኪሎ ግቢ፦ ዘሩ ከየት፣ ስንት ዛፍ፣ በምን ርቀት?

የግቢ ኮሚቴ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ያለ የጋራ ግቢ ነው፤ በሰሜን በኩል 10 በ40 ሜትር የሚሆን ክፍት ቦታ አለው። ኮሚቴው አገር በቀል ዛፍ ይሁን ብሎ ኮሶን መርጧል። በአጠቃላይ 200 ችግኝ አፍልተን ጥቂቱን እዚሁ፣ የቀረውን በክረምቱ ወደ እንጦጦ ግርጌ ለማውጣት ታስቧል። ባህር ዛፉ ተቆርጦ ለአገር በቀል የተለቀቀ ቦታ ተፈቅዶልናል።

ግማሽ ኪሎ ዘር እንፈልጋለን፤ ከየት ይገኛል? አንዳንዶች መርካቶ የሚሸጠውን የደረቀ ኮሶ ብትዘሩት ይበቅላል ይላሉ፤ እውነት ነው? በሙከራ የተዘራው አንድ ሳጥን ጥሩ በቅሎ ነበር፤ ግን ሁለት ቅጠል ሲያወጣ አንገቱ ከአፈሩ ላይ ክር አክሎ ይቀጥንና በአንድ ሌሊት ይተኛል። ምክንያቱ ምንድን ነው? ደግሞስ እንዲህ ያለ ሥራ ለኮሶ በእርግጥ ይጠቅመዋል ወይስ የስም ተከላ ሆኖ ይቀራል?

ዘር ለቃሚ

ከመርካቶው ልጀምር፤ አይሆንም። ለመድኃኒት የሚሸጠው የሴቴው ዛፍ አበባ ነው። የሚለቀመውም ቀይ ሆኖ ሳለ፣ ዘሩ ሳይደርስ ነው። ከዚያ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ በከረጢት ታጭቆ፣ ስንት ወር እንደቆየ ሻጩም አያውቅም። ብታሹት ትንንሽ ፍሬ የሚመስል ነገር ይወጣዋል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው ወይም ጫጭቷል።

ግማሽ ኪሎው ደግሞ ከልክ ያለፈ ነው። የኮሶ ዘር እጅግ ደቃቅ ነው፤ አንድ ኪሎ ከ200,000 እስከ 500,000 ፍሬ ይይዛል። ስለዚህ ግማሽ ኪሎ ማለት ቢያንስ 100,000 ፍሬ ነው። ሒሳቡን ከኋላ ወደ ፊት ሥሩት፦ 200 ችግኝ ትፈልጋላችሁ፤ ከበቀለው ግማሹ በመደብና በማዛወር ይሞታል ብላችሁ ያዙ፣ 400 መብቀል አለበት። ከ100 ፍሬ 40 የሚበቅል ዘር ከሆነ 1,000 ፍሬ ይበቃል። ይህ ከ2 እስከ 5 ግራም ነው። ለጥንቃቄ እጥፉን ብትወስዱ እንኳ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ነገር ነው። ግማሽ ኪሎ ለመሙላት ዛፉን ራቁቱን ከማስቀረት ከብዙ ዛፎች ጥቂት ጥቂት መልቀም ይሻላል።

አለቃቀሙ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ኮሶ ወንዴና ሴቴው የተለያየ ዛፍ መሆኑን ነው። የወንዴው የአበባ ዘለላ ሳሳ ያለ፣ ላባ መሰል፣ ወደ ብርቱካንማና ነጣ ወዳለ ቀለም የሚያደላ ነው። የሴቴው ከበድና ጠቅጠቅ ያለ፣ ቀይ ሆኖ ቁልቁል የሚንጠለጠል ነው። ዘር ያለው ሴቴው ላይ ብቻ ነው። አበባው በብዛት ከጥቅምት እስከ የካቲት ይታያል፤ ዘሩ እሱን ተከትሎ ይደርሳል። ግን ወር አትቁጠሩ፣ ቀለም እዩ። ዘለላው ከቀይ ወደ ቡናማ ዞሮ፣ በእጅ ሲታሽ ሳይቋቋም መርገፍ ሲጀምር ደርሷል። ከዚያ ካሳለፋችሁት ነፋስ ይወስደዋል፤ ፍሬው ክንፍ መሳይ ደረቅ ሽፋን ስላለው ይበርራል። ቅርንጫፍ አትቁረጡ። ከሥር ሸራ ዘርግታችሁ ዘለላውን ብቻ በመቀስ ቁረጡ፤ ከእያንዳንዱ ዛፍ ቢያንስ ግማሹን ተዉለት።

ከአንድ ዛፍ ብቻ አትልቀሙ። ከ15 የማያንሱ፣ እርስ በርሳቸው 100 ሜትር ገደማ የሚራራቁ እናት ዛፎች ቢሆኑ ይመረጣል። ጎን ለጎን የቆሙት የአንድ እናት ልጆች የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው። ሌላው ጣጣ፣ ብቻዋን እርሻ መሃል የቀረች ሴቴ ዛፍ ናት። ቆንጆ ታብባለች፤ ኮሶ የሚዳቀለው በነፋስ ስለሆነ ግን ወንዴ በአካባቢው ከሌለ የምትሰጣችሁ ገለባ ነው።

ቦታውን በተመለከተ ለአዲስ አበባ የሚቀርበው የወጨጫ ተራራ፣ የመናገሻ ሱባ ደን የላይኛው ክፍል ነው። ደኑን ከሚያስተዳድረው አካል ፈቃድ ሳትይዙ አትውጡ። ከባሌ ወይም ከሰሜን ተራሮች ዘር አስመጥቶ እንጦጦ ላይ መትከል ግን አልደግፍም፤ ለአካባቢው የቀረበ ዘር እያለ ምን አስኬደን?

ችግኝ ጣቢያ

ስለተኛው ችግኝ፦ ይህ የአንገት መበስበስ ነው፤ ፈንገስ ያመጣዋል፤ ፈንገሱን የሚጠራው ደግሞ አጠጪው ነው። አራት ኪሎ ላይ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ማታ ያጠጣችሁት ውሃ እስከ ጠዋት አይደርቅም። በዚያ ላይ ዘሩ ተጠጋግቶ ከተዘራ አየር አይገባውም። ያ ሳጥን አይድንም፤ አፈሩን ጣሉት፤ ሳጥኑን በበረኪና አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት።

እንዲህ ቢደረግ ይሻላል። መዝሪያው ግማሽ የታጠበ የወንዝ አሸዋ፣ ግማሽ በወንፊት የተነፋ የደን አፈር ይሁን። አፈሩን በበርሜል ክዳን ላይ አድርጋችሁ በእሳት አሙቁት ወይም ቢያንስ የፈላ ውሃ አፍስሱበትና አንድ ቀን አንጠፍጥፉት። ለዚህ ደረጃ ኮምፖስት አያስፈልግም፤ ዘሩ የራሱን ስንቅ ይበላል፣ ኮምፖስቱ የሚቀልበው ፈንገሱን ነው። ፍሬውን በመዳፍ አሽታችሁ ክንፉን አራግፉ፤ በአራት እጥፍ ደረቅ አሸዋ ቀላቅላችሁ በትኑት፤ አለበለዚያ አንድ ቦታ ይከመራል። ከላይ የምትነሰንሱት አሸዋ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር አይለፍ። በጥልቀት የተቀበረ የኮሶ ዘር አይወጣም። መንከርም ሆነ መፋቅ አያሻውም።

ውሃው ጠዋት ብቻ፣ ያውም በመርጫ። ከዚያም የተሻለ ዘዴ አለ፦ ሳጥኑን ውሃ በያዘ ትሪ ላይ አስቀምጡትና ከሥር ይምጠጥ፤ ላዩ ሲወዛ አንሱት። ሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ብቅ ማለት ይጀምራል። ከብርድ ለመከላከል ፕላስቲክ ማታ ብታለብሱት ጥሩ ነው፤ ጠዋት ግን ይነሳ።

እውነተኛው ቅጠል፣ ማለትም ዳርና ዳሩ መጋዝ የመሰለው፣ ሁለት ሲሞላ ወደ ችግኝ ማሳደጊያ ፕላስቲክ ከረጢት ይዛወራል። ስትነቅሉ ቅጠሉን እንጂ ግንዱን አትያዙ፤ በዚያ ዕድሜው ግንዱ በጣት ግፊት ይጨፈለቃል፣ ቁስሉ ሳይታይ በሦስተኛው ቀን ይሞታል። የፕላስቲኩ አፈር 3 እጅ የደን አፈር፣ 2 እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ 1 እጅ አሸዋ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ጥላ፣ ከዚያ ጥላውን ቀስ በቀስ ማንሳት። ኮሶ ብርሃን ወዳድ ነው፤ ጥላ ውስጥ ያደገ ችግኝ ቁመቱ ያምራል፣ እንጦጦ ላይ ሲወጣ ግን ይገረጣል።

ጊዜውም ይታሰብበት። ለሐምሌ ተከላ 30 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ችግኝ ከፈለጋችሁ ጥቅምት ላይ መዝራት ይኖርባችኋል፤ አዲሱ ዘር ደግሞ በዚያ ጊዜ ገና አልደረሰም። ስለዚህ ያለፈውን በጋ ዘር አድርቃችሁ፣ አየር በማያስገባ ብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ፤ ክፍት ቦታ ከቀረ በአንድ ዓመት ውስጥ ይዳከማል። ያ ካልሆነም በመጋቢት ዘርታችሁ ችግኙን እስከሚቀጥለው ዓመት ክረምት ያዙት። ሁለተኛውን ከመረጣችሁ ሥሩ ፕላስቲኩን በስቶ መሬት እንዳይገባ በየወሩ አንቀሳቅሱትና ከሥር የወጣውን ቁረጡ። በዚህ ሰኔ የዘራችሁትን በዚሁ ሐምሌ ለመትከል የምትቸኩሉ ከሆነ ግን ባትጀምሩት ይሻላል።

ደጋ ሰው

ሁለቱም ጥሩ ብለዋል። እኔ ወደ ቦታው ልሂድ።

ኮሶ የላይኛው ደጋ ዛፍ ነው፤ በብዛት የሚገኘው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 እስከ 3,300 ሜትር ነው። አራት ኪሎ 2,400ን ስለሚያልፍ ያድጋል፤ ግን ወደ ታችኛው ወሰኑ ተጠግታችኋል። ወደ ቦሌና ወደ ቃሊቲ በወረዳችሁ ቁጥር እየከበደው ይሄዳል። ስለዚህ በጋ ላይ ውሃ ማጣት እንጦጦ ካለው ይልቅ የናንተን ይጎዳዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች በሳምንት አንድ ጊዜ 10 ሊትር በዝግታ ይጠጣ። ግርጌውን በደረቅ ሣር ሸፍኑት፤ ሣሩ ግን ግንዱን አይንካ።

ለአስፋልት ዳር አትመኙት። በየመንገዱ ዳር የሚቆፈረው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ጉድጓድ ለኮሶ አይሆንም፤ አጭር ግንድ ያለው፣ ዝቅ ብሎ የሚዘረጋ፣ እስከ 20 ሜትር የሚደርስ ዛፍ ነው። ለመኪና ከፍታ ሲባል በየዓመቱ ከታች ይከረከማል፣ መጨረሻው ጉቶ ነው። የናንተ 10 በ40 ግን ጥሩ ቦታ ነው። በመሃል መስመር፣ ከሁለቱም አጥር 5 ሜትር፣ በ8 ሜትር ልዩነት ብትተክሉ ልክ 5 ዛፍ ይይዛል። ጉድጓዱ ጎኑም ጥልቀቱም 60 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከዝናቡ አንድ ወር በፊት ይቆፈር። የግንባታ ፍርስራሽ የተሞላ መሬት ከሆነ (አራዳ ውስጥ የቱ ግቢ አልተሞላም?) ሲሚንቶና ኖራውን አውጡት፤ የላይኛውን አፈር ለይታችሁ መጀመሪያ እሱን መልሱ።

ቁጥሩ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ችግኝ ሳለ ወንዴ ይሁን ሴቴ አይለይም፤ የሚታወቀው ሲያብብ ነው። ግማሽ በግማሽ ነው ብለን ብናሰላ፣ 3 ዛፍ ብትተክሉ ሁሉም አንድ ዓይነት የመሆኑ ዕድል ከ4 አንድ ነው። 5 ከሆኑ ከ16 አንድ። 10 ከሆኑ ከ512 አንድ። ስለዚህ መጀመሪያ በ4 ሜትር ርቀት 10 ተክላችሁ ሲያብቡ ትርፍ ወንዴዎቹን ብታነሱ ይሻላል።

ወይራ ጥላ

ደጋ ሰው፣ ሒሳብህ ልክ ነው፤ ምክሩ ላይ ግን አልስማማም። ትልቅ ኮሶ ከተማ ውስጥ ለመቁረጥ መፈለግ ራሱ ሌላ መዘዝ ነው። ዛፉን የሚያይ ጎረቤት ይጮኻል፣ ፈቃድ መጠየቅ አለ፣ በመጨረሻ አሥሩም በ4 ሜትር ታፍገው ይቀራሉ። ተፋፍጎ ያደገ ኮሶ ደግሞ ቀጭንና ረጅም ሆኖ አበባው ጫፍ ላይ ብቻ ይቀራል። 5 ይተከል። የቀረውን ለአጎራባች ግቢዎች፣ ለደብሮችና ለትምህርት ቤቶች ሁለት ሁለት ያከፋፍሉ። ነፋሱ የወንዴውን የአበባ ዱቄት አጥር አሻግሮ ያደርሰዋል፤ አንድ ግቢ ውስጥ መሰብሰብ የለበትም።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄ። ኮሶ ከምድረ ገጽ ሊጠፋ የተቃረበ ዝርያ አይደለም፤ ከኢትዮጵያ ተነስቶ በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች እስከ ማላዊና ዛምቢያ ይገኛል። ሳይንሱ ሃጄኒያ በሚለው ወገን ውስጥ ያለው ዝርያ ግን እሱ ብቻ ነው፤ ተተኪ ዘመድ የለውም። እኛ ጋ የተቸገረው በአካባቢ ደረጃ ነው፦ ትልልቆቹ ተቆርጠው፣ የቀሩት አርጅተው፣ ከሥራቸው ልጅ የለም።

መጥረቢያውን ሁሉም ያውቃል። እንጨቱ ቀላ ያለ፣ ለዕቃና ለወለል የሚፈለግ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር በስም ጠቅሶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አዋጁ ሁለት ጊዜ ተተክቷል፣ የመጨረሻው በ2010 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 1065 ነው። ሕግ አልጎደለም።

የሚጎድለው ችግኙ ነው፤ የሚያጠፋውም ልቅ ግጦሽ ነው። ባሌ ዲንሾ አካባቢ ያለውን የኮሶ ደን ያየ ያውቀዋል፦ ከላይ ግርማ ያላቸው አሮጌ ዛፎች፣ ከታች እንደ ምንጣፍ የተላጨ ሣር። በየዓመቱ ብዙ ሺህ ዘር ይረግፋል፤ ከብትና በግ ያልነካው ስንት ይቀራል?

ደግሞ ዙሪያውን አጥሮ መተው ብቻውን አይበቃም። ኮሶ ጥቅጥቅ ባለ ደን ጥላ ሥር አይበቅልም። ዛፍ ሲወድቅ ወይም መሬት ሲገለጥ፣ ክፍት ብርሃን ሲያገኝ ነው የሚነሳው። አጥሩ ውስጥ ቁጥቋጦው ከበዛ ያም ያፍነዋል። ስለዚህ ከብት የማይገባበት፣ ግን ብርሃን ያለው ቦታ ያስፈልገዋል። ለብዙ ደን ጠባቂ ይህ አይዋጥለትም፤ ጥበቃ ሲባል አለመንካት ብቻ ይመስለዋል።

እንጦጦ ላይ ተጨማሪው ባላጋራ በምኒልክ ዘመን የገባው ባህር ዛፍ ነው። ተቆረጠ ማለት ሞተ ማለት አይደለም፤ ከጉቶው አሥር ቡቃያ ይልክና በሁለት ክረምት ከኮሶው በላይ ይወጣል። ጉቶውን እስከ መሬት ድረስ ልጣችሁ ቅርፊቱን አንሱ፣ ቡቃያውን ቢያንስ በዓመት ሁለቴ ስበሩ። ከቆመ ባህር ዛፍ 10 ሜትር ርቃችሁ ትከሉ፤ ውሃውን የሚሻማው በሥሩ ነው። ተከላውን በሰፊው አትበትኑት፤ በ20 በ20 ሜትር ክፍት ቦታ ላይ 25 ችግኝ አድርጋችሁ እያንዳንዱን ስብስብ በእሾህ ቅርንጫፍ እጠሩት። ሰባት ስብስብ መጠበቅ 175 የተበተነ ችግኝ ከመጠበቅ ይቀላል። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው መንገድ የማገዶ ተሸካሚዎች መተላለፊያ ስለሆነ መንገዱን ዘግታችሁ አትጠሩ፤ አጥሩ በሳምንቱ ይፈርሳል፣ ያፈረሰውም ሰው አይፈረድበትም።

የግቢ ኮሚቴ

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። 5 ዛፍ እዚህ፣ 20 ለጎረቤት፣ 175 ለእንጦጦ እናደርጋለን። ሁለት ነገር ቀረ። ችግኝ ገዝተን ብንጀምርስ? ኮሶ ነው ተብሎ የተሸጠልን ሌላ ቢሆን በምን እናውቃለን? እና ሰፈር ውስጥ አበባውን ለመድኃኒት የሚፈልጉ አረጋውያን አሉ፤ ዛፉ ሲያብብ እንዴት እንከልክል?

ዘር ለቃሚ

መለየቱ ከባድ አይደለም። የኮሶ ቅጠል በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ የተደረደሩ 11 ወይም 13 ንዑስ ቅጠሎች አሉት፤ ዳራቸው መጋዝ ነው፣ ጀርባቸው ብርማ ጸጉር አለው። የዘንጉ ግርጌ ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ ሰፍቶ ግንዱን ያቅፋል። በችግኝ ገበያ አንዳንዴ የሚምታታው ስፓቶዲያ የተባለው የጌጥ ዛፍ ዳሩ ለስላሳ ነው፤ በጣት ዳሩን ብትሄዱበት ወዲያው ይታወቃል። ከተጠራጠራችሁ ቅጠሉን ከነግርጌው በጋዜጣ መሃል አድርቃችሁ አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማኖሪያ) ውሰዱት፤ ከሰፈራችሁ የእግር መንገድ ነው። ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም የቆሙ አገር በቀል ዛፎችን ለማየት ይጠቅማል። የተገዛ ችግኝ ግን ከስንት እናት ዛፍ እንደተለቀመ ካልተነገራችሁ ለግቢው እንጂ ለእንጦጦ አታውሉት።

ችግኝ ጣቢያ

ስለ አበባው ልመልስ። አረጋውያኑን በክብር አነጋግሯቸው፤ ኮሶ መጠጣት የኖረ ልማድ ነው፣ ጥሬ ሥጋ ካለ የኮሶ ትልም አለ። ግን መጠኑ ከአበባ አበባ ይለያያል፤ ከበዛ ዓይንን እስከ ማጥፋት የሚደርስ ጉዳት አለው፣ ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ነው። ዛሬ ጤና ጣቢያ ውስጥ ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ የሚባል የኮሶ ትል መድኃኒት አለ። የግድ ከተባለ ደንቡ ይህ ይሁን፦ ቅርንጫፍ አይሰበርም፣ ከአንድ ዛፍ ከአራት ዘለላ አንድ ብቻ፣ ያውም ከታችኛው። ሴቴው ላይ የተለቀመ እያንዳንዱ ቀይ ዘለላ በቀጥታ ከዘሩ ላይ የተቀነሰ ነው። ወንዴው ግን ማንም አይነካውም፤ ለዚህ ነው ሰው ደጅ ላይ አንዳንዴ ያልተነካ ትልቅ ኮሶ ቆሞ ዘር የማይገኝበት።

ደጋ ሰው

ወይራ ጥላ፣ 5ቱን ተቀብያለሁ። ለኮሚቴው አንድ ማሳሰቢያ፦ ከእያንዳንዱ እናት ዛፍ የለቀማችሁትን ለየብቻው በወረቀት ከረጢት አድርጉ፣ ቁጥር፣ ቦታና ቀን ጻፉበት፤ ፕላስቲክ ከረጢት ያሻግተዋል። ከመዝራታችሁ በፊት ከእያንዳንዱ 100 ፍሬ በእርጥብ ሶፍት ላይ ሞክሩ። ከ10 በታች የበቀለለትን ከረጢት ጣሉት፤ ያቺ እናት ምናልባት ወንዴ የራቃት ናት። የቀሩትን ከየከረጢቱ እኩል እኩል ውሰዱ፤ በብዛት የበቀለውን ብቻ ከዘራችሁ 175ቱ ችግኝ የሁለት ዛፍ ልጆች ሆነው ይቀራሉ።